ባዶ እንዳትተዪ

ባለፈው ቅዳሜ ለአማቴ ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የባለቤቴ እናት በልብስ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን፣ አረንጓዴ ሲባልም የሚጮኸው ሳይሆን ረጋ ያለው ይሁን ብለው አዘውኛል። ያዘዙት ካልመጣላቸው እስከሚቀጥለው ፋሲካ ድረስ ስለሚያነሱት፣ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ ግማሽ መደርደሪያዋን ያስወረድኳት አንዲት ሻጭ ተሰላችታ፣ "የኔ እህት፣ እንዲህ ያለውን ማይነስ ጋ ነው የምታገኚው። ወደ ታች ሦስተኛዋ ሱቅ ናት" አለችኝ።

በደንብ ሰምቼ ሳለ ማን ጋ ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት።

"ማይነስ ነው የምንላት። ዋጋ ስለምትቀንስ መሰለኝ።"

በዋጋ ምክንያት አይደለም። ስሙ የወጣው ሱቁ ከመከፈቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ማን እንዳወጣላት አላስታውስም ብል ደስ ባለኝ። ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እኔ የክፍል ቀልድ ብዬ የወረወርኩት ቃል ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጉለሌ ውስጥ ሲዞር ኖሮ፣ አሁን የማላውቃት ሴት አድራሻ አድርጋ ትነግረኛለች።

ወዲያው ወደ ሦስተኛዋ ሱቅ አልሄድኩም። መንገድ ዳር ቆምኩ። ታክሲዎች ሽቅብ እያቃሰቱ ይወጣሉ፣ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንደ ድሮው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። ሁሉም ነገር ተለውጧል እየተባለ ይወራል እንጂ፣ ያ ሽታ አንድ ቀን እንኳ አልተለወጠም።

እውነተኛ ስሟ ወይንሸት ነው። አባቷ ሸማኔ ነበሩ፤ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የሸማ ዕቃ ግማሹን ክፍል የያዘበት ጠባብ ቤት ነበር። እኔ አባቴ እስኪሞት ድረስ የግል ትምህርት ቤት ስማር ቆይቼ፣ ከዚያ እናቴ በጸሐፊነት ደመወዟ ስላልቻለች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የተዛወርኩ ልጅ ነኝ። ይዤ የመጣሁት ሀብት እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በዚያ እንግሊዝኛ ክፍሉን ሁሉ ቁልቁል አይ ነበር፤ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ግን ወይንሸት ቁልቁል ታየኛለች። እሷ እንኳ አታይም ነበር፤ እኔ ነኝ እንደዚያ የሚመስለኝ።

በየሴሚስተሩ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። እናቴ የውጤት ካርዴን ስትቀበል ደረጃ የሚለውን ሳጥን ብቻ ነበር የምታየው። አንደኛዋ ማን ናት ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። "የሸማኔው ልጅ ቀደመችሽ?" ብላ ካርዱን ሳትፈርምበት ጠረጴዛው ላይ ትተወዋለች። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይሞቃል። የዚያን ጊዜ ግን ያፈርኩት በእናቴ አነጋገር አልነበረም፣ በሁለተኝነቴ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ጓደኛዬ ነበረች፤ እወዳትም ነበር። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ የሚያስብ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እነሱ ቤት እገባለሁ፣ እሷ ማግ እያጠነጠነች እኔ የፊዚክስ ጥያቄ አነብላታለሁ። እጇ ሳይቆም መልሱን ትነግረኛለች። አንዳንዴ እኔ በደብተሬ ላይ ግማሽ ገጽ ሠርቼ እሷ የነገረችኝ ቁጥር ላይ እደርስና በልቤ እናደድባታለሁ።

የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ታደለ ይባላል። ቁጡ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ገባና የፊዚክስ ኦሎምፒያድ ማጣሪያ ፈተና ትምህርት ቤታችን እንደሚሰጥ ነገረን። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ ያልፋል፤ ያለፈው ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እየኖረ ይሠለጥናል፤ ከዚያ የተመረጡት አውሮፕላን ተሳፍረው ውጭ አገር ይወዳደራሉ። ይህን ሲናገር ዓይኑ ወይንሸት ላይ ነበር። ክፍሉም ወደ እሷ ዞረ። እኔም ዞርኩ፣ ፈገግ አልኩም።

እዚህ ላይ ስለ ባዶ መናገር አለብኝ። በእኛ ትምህርት ቤት ጥያቄን ባዶ መተው ነውር ነበር። ምርጫ ከሆነ ይገመታል፤ የተሳሳተ ምንም አያስቀንስም፣ የተገኘ ደግሞ ትርፍ ነው። ቲቸር ታደለ ባዶ የተወን ልጅ ፊት አቁሞ፣ አለማወቅህ ሳያንስ መገመትም ሰነፍክ ወይ እያለ ይዘልፍ ነበር። የግምት ጥበብም ነበረን። እርሳሱ ስድስት ጎን አለው፤ በአምስቱ ላይ በቢላ ፊደላቱን ትጭራለህ፣ ስድስተኛው ባዶ ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ ታንከባልለዋለህ፣ ከላይ የወጣውን ታጠቁራለህ። ባዶው ከወጣ ደግመህ ታንከባልላለህ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያደግንበት ስለሆነ ሌላ ዓይነት ፈተና በዓለም ላይ አለ ብሎ ያሰበ ልጅ አልነበረም።

የፈተናው ዕለት ቅዳሜ ነበር፣ ግንቦት ውስጥ፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ወይንሸትን ቤቷ ሄጄ ነው የጠራኋት። እስክትወጣ ድረስ ማግ ስታጠነጥን ስለነበር ሹራቧ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር ጥግ ጥጉን ይዘን ሄድን። መታጠፊያው ላይ ቦንቦሊኖ ገዝታ ለሁለት ቆረሰችውና የሚበልጠውን ለእኔ ሰጠችኝ። ትኩስ ነበር፤ ዘይቱ በጣቶቻችን ላይ ቀርቶ የፈተናውን ወረቀት እንዳይነካ በቀሚሳችን ጠረግነው።

በመንገድ ላይ አባቷ ያሉትን ነገረችኝ። ካለፈች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንድትጨርስ ፈቅደዋል፤ ካላለፈች ግን አክስቷ ሱቅ ገብታ ትሠራለች፣ ትምህርቱ በዚህ ይበቃል። "አባዬ እንዲህ ቁርጥ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም" አለችኝ። ፈርታ ነበር። አይዞሽ አንቺ ካላለፍሽ ማን ያልፋል አልኳት፤ ስለውም ከልቤ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ምን እንደምታጣ አላወቅኩም ነበር የምልበት መንገድ እንዳይኖረኝ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ ስምንት ነበርን። ፈታኞቹ ከውጭ የመጡ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን አደሉና መመሪያውን በራሳችን እንድናነብ፣ እነሱ ምንም እንደማያብራሩ ተናግረው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። መመሪያው አንድ ሙሉ ገጽ ነበር፣ እንግሊዝኛው ደግሞ የፍርድ ቤት ወረቀት ይመስል የተወሳሰበ። ልጆቹ እንደ ልማዳችን ገጹን ገልብጠው ወደ ጥያቄዎቹ ሄዱ። መመሪያ ምን ይላል፤ ስምሽን ጻፊ፣ በእርሳስ አጥቁሪ ነው የሚለው።

እኔ አነበብኩት። ካነበብኩት መካከል አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተመለስኩበት። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል፣ ባዶ ለተተወ ግን ምንም አይቀነስም ይላል። ቀና ብዬ አየሁ፤ የማንም ፊት አልተለወጠም።

ወይንሸት በመተላለፊያው ማዶ ከጎኔ ነበረች። እሷም ገጹን አልገለበጠችውም። የእርሳሷ ጫፍ እዚያችው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሟል። ፈታኞቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ "ሂሩት፣ እዚች ጋ ምንድን ነው የሚለው?" አለችኝ።

ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። ነበረኝ። ያችን የውጤት ካርድ ሳጥን አሰብኩ፣ እናቴ ሳትፈርም ስትተወው አሰብኩ። ወይንሸት በእጇ ማግ እያጠነጠነች መልሱን ስትነግረኝ አሰብኩ። የአባቷንም ንግግር አሰብኩ፤ ከሁሉ የሚያስጠላው ይህ ነው፣ እሱንም በደንብ አሰብኩት።

"ምንም አይደለም" አልኳት። "ያው እንደ ሁልጊዜው ነው። ባዶ እንዳትተዪ።"

ራሷን ነቅንቃ ገጹን ገለበጠች።

ፈተናው ጨካኝ ነበር። እኛ የተማርነው ፊዚክስ የዚያ ዘመድ እንኳ አይመስልም። አርባ ጥያቄ ሲሆን፣ ገና አምስተኛው ላይ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። የሚንከባለል በርሜል ውስጥ ስለምትንከባለል ኳስ ይጠይቃል፣ ገመዷ እየረዘመ ስለሚሄድ የተንጠለጠለች ድንጋይ ይጠይቃል። እኔ ሰባት ሠራሁና የቀረውን ተውኩት። ከዚያ መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከኋላ ነው የመጣው፣ የእርሳስ ጠረጴዛ ላይ መንከባለል። ቀስ በቀስ ከየአቅጣጫው ሆነ። ወይንሸት እርሳስ አንከባልላ አታውቅም፤ የማታውቀውን እንኳ አውጥታ አውርዳ ነበር የምትገምተው። ያን ቀን ግን የመጨረሻው ሰዓት ላይ፣ ከግራዬ፣ የእሷም እርሳስ መንከባለል ሲጀምር ሰማሁት። እያንዳንዱን መንከባለል እሰማ ነበር። ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ብፈልግለት ራሴን መሸፈን ስለሚሆን እንዲሁ ልተወው፤ ደስ ነው ያለኝ።

ውጤቱ የመጣው ሰኔ ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ቲቸር ታደለ ማይክራፎኑን ያዘ። ውጤት በሰልፍ ላይ፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ፣ በስም ማንበብ የትምህርት ቤታችን ልማድ ነበር፤ ተማሪ የሚነቃው እንደዚያ ነው ይባላል። አንደኛ እኔ ነበርኩ፣ በአምስት ነጥብ ተኩል። አምስት ተኩል ሲባል ሰልፉ ሳቀ። ቲቸር ታደለ ቆጣ ብሎ የተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደሚያስቀንስ አስረዳና፣ "ሂሩት ሌላ ምንም አላደረገችም። መመሪያውን አንብባለች፣ የማታውቀውን ባዶ ትታለች" አለ።

ያኔ ወይንሸት ዞራ አየችኝ። እኔ ባንዲራውን አየሁ።

የእሷ ስም የመጨረሻው ነበር። ሲያነበው ድምፁ ተለወጠ። ለወር ያህል በመምህራን ክፍል ሲመካባት የከረመ ሰው ነው፤ ያን ጠዋት ከሰልፉ በፊት በእሷ የተነሳ ባልደረቦቹ ሲስቁበት እንደነበር በኋላ ሰምተናል። "ማይነስ ሁለት" አለና ወደ ፊት እንድትወጣ አዘዛት። ወጣች። ማይክራፎኑን ሰጥቷት፣ ማይነስ ሁለት ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቹ እንድታስረዳ ነገራት።

ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ከዚያ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠየቅ እንደምትመልሰው አድርጋ፣ ሳታለቅስ፣ "ቤቱ የተኛ ተማሪ ከእኔ በሁለት ነጥብ ይበልጣል ማለት ነው" አለች።

ሺህ ያህል ሰው ነበርን። ሳቁ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን አቆመ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መምህር ሳይመጣ ቀረ። ልጆች ከብበውኝ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። አንዱ ጮክ ብሎ ለጓደኛሽ አላዘንሽም ወይ አለኝ። ወይንሸት ከበሩ እየገባች ነበር። ዝም ብል ፊቴ ላይ የሚያነቡብኝ መሰለኝ። "እስቲ ዞር በሉ፣ ማይነስ ትለፍበት" አልኩ። በዚያው ቀረ። በማግስቱ የሌላ ክፍል ልጆች ይሏት ጀመር፣ በሳምንቱ የሰፈር ሕፃናት።

ከሁለት ቀን በኋላ ቲቸር ታደለ አስጠርቶኝ የእሷን ወረቀት አሳየኝ። ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎችን በጎን በኩል በጥቃቅን ጽሕፈት ሠርታቸዋለች፤ ዘጠኙም ልክ ናቸው። ከገመተቻቸው ሠላሳ አንድ ደግሞ ሦስቱ ብቻ ተሳክተውላታል። "ዘጠኙ ላይ ብታቆም አንቺን በሦስት ነጥብ ተኩል ትበልጥሽ ነበር" አለ። "ስግብግብ ሆነች። ሁሉን ልያዝ አለች።" አዎ ቲቸር አልኩት።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ቤቴ መጣች። ከእኔ የተዋሰችውን መዝገበ ቃላት ልትመልስልኝ ነው። አባትሽ ምን አሉሽ ብዬ ጠየቅኳት። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም፤ "ዜሮ ቤት ተቀምጠሽም ታመጪያለሽ፣ ለእሱ ጫማ መጨረስ አያስፈልግም" ነው ያሏት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አክስቷ ሱቅ ትገባለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ሌላ የምነግራት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

እኔ ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባሁ። ሥልጠናው በአንደኛው ሳምንት ነው ያመለጠኝ። ከየትምህርት ቤቱ የመጡት ልጆች የሚነጋገሩት ነገር አይገባኝም ነበር፤ ማታ ማታ ተሰብስበው ሲከራከሩ እኔ ልብሴን አጥባለሁ። በመጨረሻው ምዘና ከኋላ ሁለተኛ ሆንኩ። እናቴን አሞኝ ነበር አልኳት። ዛሬ የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ነው፤ ከፊዚክስ ጋር በመብራት መጥፋት ቀን ካልሆነ አንገናኝም።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ መጽናኛ ነበረኝ። ወይንሸት የጠየቀችኝ ስላልገባት ነው እል ነበር። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው፤ እኔ አጠገቧ ባልኖር እንኳ እንደሌሎቹ አሥራ ስድስት ልጆች ሁሉንም ትገምት ነበር። ስለዚህ አልረዳኋትም እንጂ አልጎዳኋትም። በዚህች ሐሳብ ተኝቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌባታለሁ።

ሦስተኛዋ ሱቅ ገባሁ። ሳየው የፈራሁትን ያህል ፊቷ አልተለወጠም፤ ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች። ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት። "ሂሩት" ብላ ተነሳች፤ ተሳሳምን። ልጆች ስንት እንደሆኑ ተጠያየቅን፤ እሷ ሁለት ወንዶች አሏት፣ አባቷ አርፈዋል። የምፈልገውን ነገርኳትና መሰላል ላይ ወጥታ ታወርድ ጀመር። ጀርባዋን ስለሰጠችኝ ይመስለኛል ድፍረት ያገኘሁት። ያን ፈተና አነሳሁ። መመሪያው ሳይገባሽ ቀርቶ ስትጠይቂኝ፣ አልኩና ቀሪውን ለመጨረስ ቃል ስፈልግ እሷ ከመሰላሉ ወረደች።

"ገብቶኝ ነበር" አለችኝ። "ስህተት ያስቀንሳል ነው የሚለው። በትክክል ማንበቤን ላረጋግጥ ነው የጠየቅኩሽ። አንቺ ሌላ ስትዪኝ፣ የእኔ እንግሊዝኛ ነው የተሳሳተው አልኩ።"

ለምን ያኔ ለቲቸር ታደለ እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። የማይረባ ጥያቄ እንደሆነ ከአፌ ሳይወጣ አውቄው ነበር።

"ምን ብዬ ልናገር? በዓይኔ ያነበብኩትን ትቼ የሰው ወሬ ሰማሁ ልበል?" ነጠላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። "ቦታውን መውሰድሽ አይደለም የሚቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ነገር አየሁ ብዬ አላምንም። ልጆቼ ሳይቀሩ ይስቁብኛል።"

ይቅር በይኝ አልኳት። እሺ አለች፤ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር እሺ እንደሚባለው ያለ እሺ ነበር። ወንበር የሰረቅኳት መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ ወንበሩንስ እኔም ሳልቀመጥበት ትቼዋለሁ፣ ቢያንስ የሚመለስ ነገር ነው። የወሰድኩባትን ግን የምመልስበት መንገድ የለኝም።

ከነጠላዎቹ አንዱን አነሳች። ጥለቱ ረጋ ያለ አረንጓዴ ነበር፣ አማቴ ያሉት ራሱ። ወደ በሩ ብርሃን አቅርባ አየችው፣ መነጽሯን አውልቃም አየችው።

"ይሄ አረንጓዴ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ አረንጓዴ ነው" አልኳት።

ፊቴን ትንሽ አየችው። ከዚያ ነጠላውን እንደያዘች ደጅ ወጣችና የጎረቤት ሱቁን ሴት ጠየቀቻት። አልተቀየምኳትም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር።